ከቡጋንቪላው ወዲያ

ዳጣ ሲወቀጥ ሌላው ሰው በአፍንጫው ያውቃል፤ እኔ የማውቀው በጆሮዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ አዲስ በተከፈተው ሥጋ ቤት በር ላይ አንዲት ወጣት ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ ስትወቅጥ አየሁ። ዛሬ ዛሬ ዳጣ በማሽን ነው የሚፈጨው፤ ልጅቷ ግን መብራት ጠፍቶባት ይሁን ወይም ለእንግዳ ማሳያ ብላ፣ ዘነዘናውን በሁለት እጇ ይዛ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ ታደርገዋለች። ቆሜ አዳመጥኩ። ሰዎቹ ጠረኑ ዓይኗን አቃጠላት ብለው ነው መሰል ቦታ ለቀቁልኝ። ከዚያ ልጅቷ ላቧን ልትጠርግ ድንገት አቆመች። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። የገበያው ግርግር፣ የረዳቶቹ ጩኸት፣ የባጃጁ ጥሩምባ ሁሉ እያለ፣ ለኔ ግን ዓለም ጸጥ አለች፤ እስክትቀጥል ድረስ አልተነፈስኩም። አንድ ባጃጅ ነጂ አጎንብሶ "እማማ፣ አሞሽ ነው እንዴ? የት ላድርስሽ?" አለኝ። "አበባው ቤት" አልኩት። ሌላ ስም ብነግረው አያውቀውም።

አበባው ቤት የኔ ቤት ነው። ሙሽራ ሆኜ ስገባበት ግን አበባ አልነበረውም። ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር፤ ከኋላው ደግሞ ባሌ ራሱ ማግሮ፣ ራሱ መርጎ የቀጠላት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ዛሬ ግድግዳውን ያየ ሰው የለም። ሥሩ ከጎረቤት ግቢ የተነሣ ቡጋንቪላ አጥሩን ተሻግሮ፣ የኋላዋን ክፍል ከነመስኮቷ ውጦ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ በፊት ለፊት እስከ በሩ ድረስ ወርዷል። በበጋ ሐምራዊ ሆኖ ሲያብብ ከዳሞታ ቁልቁል የሚመጣ ሰው ገና ከሩቅ ያየዋል ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ከአረካ ድረስ የመጡም አሉ። ቪዲዮ ቀራጩ "እማማ፣ ያቺን የተሰጣች ብርድ ልብስ ብታነሽልን" ይለኛል፤ አነሣለሁ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ከእሾሁ እያላቀቀች ትስቃለች። ላዩ ይህ ነው፤ ውስጡን ለቄስ። ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት ሆኗል፣ ወራጁ ጎብጧል፣ የአቡጀዴው ኮርኒስ ከዓመት ዓመት በዝናብ ካርታ ተስሎበታል። እንደ ክንዴ የወፈረ ቅርንጫፍ በማገሩ መካከል ገብቶ ጭቃውን ወደ ውጭ እየገፋው ነው። አይጡም የራሱን ኑሮ ይኖራል። እነዚያ ሙሽሮች ዝናብ ሲመጣ ሳፋ ተሸክሜ ከክፍል ክፍል ስሮጥ ቢያዩኝ፣ ፎቶውን ሌላ ቦታ ይነሡ ነበር።

የመጨረሻ ልጄ ናትናኤል ቤት አሠሪ ነው። እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ይመጣና ከመብላቱ በፊት ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል። በቀደም ምሰሶውን በመዳፉ እየመታ፣ "እማ፣ ይሄ ጣሪያ ሎዱን አይችልም፣ ከብዶታል። ክረምቱን አይሻገርም። ወይ አበባው ይቆረጥ፣ ወይ አንቺ እኔ ቤት ግቢ" አለኝ።

"አይቆረጥም።"

"ለምን? ምክንያቱን ንገሪኝና ልተወው።"

"አይቆረጥም አልኩህ እኮ።"

"እማ፣ አበባ ነው። ሰው አይደለም።"

ምሳውን አቀረብኩለት። ከእናታቸው ግትርነት በቀር ልጆቼ ስለዚህ አበባ የሚያውቁት ነገር የለም። ደግሞም ናትናኤል የረሳው ነገር አለ፤ አበባው ጣሪያዬ ላይ ይተኛ እንጂ ሥሩ የኔ አይደለም። ሥሩ ያለው በአጥር በምንዋሰናት በሰናይት ግቢ ነው። ሰናይት የአጸደ ልጅ ናት። አበባውን የተከለችው አጸደ ነበረች። መቁረጥም መተውም የሰናይት ነው፤ እሷ ደግሞ እስካለፈው ሳምንት ድረስ አንድም ቀን ስለ አበባው አንሥታ አታውቅም ነበር።

አጸደ ስትታወሰኝ ቀድሞ የሚመጣው ቢጫ የሽፎን ሻሿ ነው። ያን ጊዜ ሶዶ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልሆነችም፤ ክረምት ሲገባ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሄዳለን፤ ከጭቃው ስንወጣ እግራችንን በሣር ጠርገን እንጫማለን። ወጣቱ ፀጉሩን አፍሮ አበጥሮ ቦላሌ ሱሪ ይለብሳል፤ ቦላሌው መንገዱን እየጠረገ ነው የሚሄደው። እኛ ሴቶቹ ከቀሚሳችን ጨርቅ የተረፈ ቁራጭ ካለ ሻሽ እናሰፋበታለን። ገበያው ጥግ ላይ ሰፊዎቹ በረንዳ ለበረንዳ ተሰልፈው መኪናቸውን ሲረግጡት የሰልፍ እግር ይመስል ነበር። ከነሱ አጠገብ ሻይና ቦምቦሊኖ በስሙኒ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ከስሙኒው መልስ ይተርፍ ነበር ብል የዛሬ ልጆች አያምኑኝም። ከማዶ ካለው ቡና ቤት ቀኑን ሙሉ የክራር ዘፈን ይሰማል፤ እኛ አማኞች አንሰማም ብለን እናልፍና ቤት ስንደርስ ዜማው አፋችን ላይ ይገኛል። እዚያ ጥግ ላይ ዛሬ ባንክ ቆሟል፣ በሩ ላይ ዘበኛ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ባለፍኩ ቁጥር የቦምቦሊኖው ዘይት ይሸተኛል።

የአጸደ አያት ከሰሜን ከመጡት ሹማምንት ጋር የገቡ ሰው ነበሩ። እሷ ግን እዚሁ ሶዶ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ እዚሁ ያገባች ናት፤ "ከናንተ በላይ የሶዶ ሰው ነኝ" ትለኝ ነበር ስንቀላለድ። ባሏ አቶ ግርማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እኔ ከገጠር የመጣሁ አዲስ አስተማሪ፣ አዲስ ሙሽራ፣ አዲስ ጎረቤት። የማላውቀውን የከተማ ኑሮ አሳየችኝ፤ እኔ ደግሞ ዳጣ አስተማርኳት። መጀመሪያ ቀን ዓይኗን በወቀጠችበት እጇ አሽታ ግቢውን እየዞረች ስትጮኽ፣ ባሏ እባብ መስሏቸው ዱላ ይዘው ወጡ። በኋላ ግን ከኔ በላይ አወቀችው። የኮረሪማውንም መጠን ልታርመኝ ቃጣት። "ታ ሚቼ" ትለኝ ነበር፤ በወላይትኛ እህቴ ማለት ነው። ሌላ ወላይትኛ ስትናገር ሰፈሩ ይስቃል፣ ይቺን ቃል ግን አጥርታ ነው የምትጠራት።

ሰናይትን የወለደችው ዱቦ ሆስፒታል ነው። ስትመለስ ከሚኒባሱ የወረደችው ልጇን በአንድ እጇ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቅርንጫፍ በሌላው እጇ ይዛ ነበር። ከሆስፒታሉ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ አይታ ለምና ነው። በአጥራችን ሥር በራሷ በኩል ተከለችው። አበባው ግን ፀሐይ ወዳለበት ወደ እኛ ዞረ፣ በሁለተኛው በጋ የኋላዋን ክፍል ግድግዳ ያዘ። "አየሽው ይሄን ከሃዲ?" አለችኝ በአጥሩ ቀዳዳ ዓይኗን አስገብታ። "የኔን ውሃ እየጠጣ ላንቺ ያብባል።" እኔም "ካልፈለግሽው ልመልስልሽ" አልኳት። "ተይው፣ ያጠባሽው ልጅ ሁሉ ያንቺ ሆኖ አይቀርም" አለችና ሄደች። ያን ጊዜ ነገሩ ሳቅ ነበር።

ከዚያ ያ የደርግ ጊዜ መጣ። የክራሩ ዘፈን ቀርቶ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ማታ የሰልፍ መዝሙር ያሰማን ጀመር። የጸሎት ቤታችን በር ታሸገ። ጴንጤ የተባለ ሁሉ ቤቱ ውስጥ ሰው ሲሰበስብ ከተገኘ ይወሰዳል፤ የተወሰደ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። እኛም በየሰዉ ቤት በፈረቃ መሰብሰብ ጀመርን። የኔ ተራ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። እንደ ዘመድ ጠያቂ፣ አንዱ ዶሮ ይዞ፣ አንዷ ቅጠል ተሸክማ፣ አንድ በአንድ ይገቡና የኋላዋ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ እንቀመጣለን። የሚመሩን አቶ ሳና የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከቤሌ በኩል የመጡ፣ አማርኛቸው ሴቱን ሁሉ ወንድ የሚያደርግ፣ ልባቸው ግን ሰውን የማይለይ። መዝሙር በከንፈር ነበር። ከንፈራችን ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አናወጣም፤ ጭብጨባውም በአንድ ጣት መዳፍ ላይ ነበር። ድምፅ የሌለው መዝሙር ደረት ውስጥ እንዴት እንደሚከብድ የዘመረው ያውቀዋል። አንዳንዱ ሳያስበው እምምም ማለቱ አይቀርም።

አንድ ዓርብ ጠዋት አጸደ ጠራችኝ።

"ማርታ፣ ትናንት ከሰዓት ቤትሽ ንብ ገብቶብሽ ነበር?"

"የምን ንብ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። በአጥሩ በኩል እምምም ይላል።"

ሰው ሰምቶን እንደሆነ ዞሬ መንገዱን አየሁ። እሷ ግን እየሳቀች ነበር፤ ሳቋን ስትጨርስ ፊቷ ሌላ ሆነ። "ስሚኝ ታ ሚቼ። እኔ በሃይማኖታችሁ የለሁበትም። ስለቴ ለማርያም ነው። ግን ጎረቤቴን ከዓይኔ ሥር አላስወስድም። እናንተ ስትሰበሰቡ እኔ እዚህ ዳጣ እወቅጣለሁ። ስወቅጥ ዘምሩ። ሰው ከመጣ አቆማለሁ፤ ሳቆም ዝም በሉ፣ እስክቀጥል ድረስ ከቦታችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ።"

እንዲህ ሆነ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከአበባው ወዲያ ዘነዘናው ይመታል፣ ከአበባው ወዲህ እኛ ድምፃችንን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን። አቶ ግርማ ቅርንጫፉን ሊከረክሙት መጋዝ ሲያነሡ ተቆጣቻቸው፤ አበባውም ለቀቅ ሲሉት መስኮቱን ሸፍኖ፣ ክፍሏን አረንጓዴ ብርሃን ሞላት። ሰፈሩ "የጸሐፊው ቤት ዳጣ ለጦር ሠራዊት ይበቃል" ብሎ ይቀልድ ነበር። ቃሪያ ባለቀባት ቀን ጨው ትወቅጣለች፣ ጨው ባለቀ ቀን ባዶ ሙቀጫ ትወቅጣለች። "ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ" ብዬ ብቀልድባት "እንቦጭ ይበል፤ የምፈልገው እሱን ነው" አለችኝ። ዘነዘናው በእርግጥም የቆመባቸው ቀናት ነበሩ። የቀበሌው ጠባቂዎች ግቢዋ ይገቡና ውሃ ይጠይቃሉ፣ ስለ ጎረቤት ይጠይቃሉ፤ እሷ ስለ ቃሪያ መወደድ አንሥታ ታሰለቻቸዋለች፤ ሲሄዱ ዱቅ፣ ዱቅ ይቀጥላል። አንድም ቀን አላሳሳተችንም። ለዚህ ነው ቃሏን እንደ ሕግ የያዝነው።

ያ ሐሙስ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። በጾም አጸደ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አትቀምስም። ጠዋት ሳገኛት ከንፈሯ ነጭ ሆኖ አየሁና "ዛሬስ ይቅርብሽ፣ እኛም እንተወው" አልኳት። "አንቺ አትጾሚ፣ እኔ ልጹምልሽ፤ አንቺ ጸልዪ፣ እኔ ልወቅጥልሽ። ተካፍለናል" አለችኝ። ልጇን አረካ እህቷ ዘንድ ልካ ነበር፣ ባሏ ሥራ ላይ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ገቡ፣ ዘነዘናው ጀመረ፣ እኛም ጀመርን። ሁለተኛው መዝሙር መሀል ላይ ዘነዘናው ቆመ።

አቶ ሳና እጃቸውን አነሡ። "ዘነዘና ቆመች" አሉ በሹክሹክታ። "አንተ ማርታ፣ መስኮት እንዳትቀርብ።" ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። ከዚያ ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። ነፋስ አልነበረም፤ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ቅርንጫፉን በእጁ ይዞ የሚያናውጥ ነው የሚመስለው። ተናወጠ፣ አረፈ፣ እንደገና ተናወጠ። ጠባቂው እጁን አስገብቶ መስኮቱን እየፈለገ ነው አልን። አንዷ እህት እንዳትጮኽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እኔ በልቤ አጸደ አሁን ምን ብላ ታዘናጋቸው ይሆን እል ነበር። ቅጠሉ ጥቂት ተንቀሳቅሶ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እግዚአብሔርን አመሰገንን። ጸጥ ስላለ አመሰገንን። ዛሬም ድረስ ሌላው ሁሉ ቢቀር ያቺ ምስጋና ናት ጉሮሮዬ ላይ የቆመችው።

ከዚያ ዘነዘናውን መጠበቅ ጀመርን። ጠባቂዎቹ ተቀምጠው ይሆናል፣ ይሄዳሉ፣ ትቀጥላለች። ብርሃኑ ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ ዞረ። ዶሮዎቹ ወደ ማደሪያቸው ገቡ። እግራችን ደነዘዘ። አንድም ሰው ወጥቼ ልይ አላለም፤ ሊልም አይገባውም ነበር፤ መውጣት ማለት ሰውን ሁሉ ማስያዝ ነበርና። አቶ ግርማ ከሥራ ሲመለሱ የግቢያቸው በር ሲከፈት ሰማን። ከዚያ "አጸደ! አጸደ!" ሲሉ ሰማን።

ግቢያቸው ስደርስ ሙቀጫው ተገልብጧል፣ ቃሪያው መሬት ላይ ተበትኗል። እሷ ግን የወደቀችው ሙቀጫው አጠገብ አልነበረም። አጥሩ ሥር ነበር፣ አበባው ግርጌ፤ ፀጉሯ ላይ ሐምራዊ አበባ ረግፎበታል። ልቧ ነው ተባለ። መቼ እንዳረፈች፣ ቶሎ ብንደርስ ትተርፍ እንደነበር፣ የተናገረ የለም፣ የጠየቀም የለም። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እኛ ጴንጤዎቹ ከዘመድ በላይ አለቀስን፤ ሰዉ ተገርሞ ያየን ነበር። አንድ አዛውንት ሊያጽናኑኝ ብለው "እውነትም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" አሉኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ያን ቀን የኋላዋ ክፍል ከነበርነው ውስጥ ስለ ቅጠሉ ዳግመኛ ያነሣ ሰው አልነበረም። አቶ ሳናም ሳይናገሩት አረፉ፣ ባሌም አረፈ፣ ያቺ ነጠላዋን የጎሰጎሰችው እህትም ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። ከነዚያ ሰዎች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጊዜው ተለወጠ፣ ጸሎት ቤቶቹ ተከፈቱ። ዛሬማ ድምፅ ማጉያው የኛ ሆኗል፤ እሑድ እሑድ ከተማው በመዝሙር ይናወጣል፤ ናትናኤልም ልጆቹን ይዞ በጩኸት ይዘምራል። እኔ ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ሰው እርጅና ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላ ከዳሞታ ነፋስ ሲወርድ ቅጠሉ የኋላዋን መስኮት ይነካል፤ ያን ጊዜ የያዝኩትን አስቀምጬ "አቤት" እላለሁ። ልጆቼ ሰምተውኛል፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። እንግዲህ አይቆረጥም የምለው ለዚህ ነበር። ያን ቀን ጠርታኝ ሳልመልስላት ቀረሁ፤ አበባው ካልኖረ ደግሞ በምን ትጠራኛለች እል ነበር። ጣሪያው ቢወድቅብኝ እንኳ እሱ ይሻለኛል ብዬ ነበር።

ሰናይትን ያሳደገቻት አረካ ያለችው አክስቷ ናት። አቶ ግርማ ሲሞቱ ነው ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው፤ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች። መልኳ እናቷን ነው፣ አካሄዷም። በዓል ሲመጣ ምግብ እንለዋወጣለን፤ ስታመም አይብ ይዛ ትመጣለች። ስለዚያ ሐሙስ ግን አንድም ቃል ወጥቶን አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ከሥጋ ቤቱ በር ባጃጁ ሲያደርሰኝ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"እትዬ ማርታ፣ አበባውን ልቆርጠው ነው" አለችኝ።

"ናትናኤል ነው የላከሽ?"

"አይደለም። የኔም አጥር እየወደቀ ነው፤ ግን ለሱም አይደለም።" የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። "አክስቴ ከማረፏ በፊት ነገረችኝ። እናቴን የገነዘቻት እሷ ናት። እጇን ጨብጣው ነበር አለች፤ ስትፈታው ውስጡ ቅጠል ነው። መዳፏን እሾህ በጣጥሶታል። እኔ ይሄን ስሰማ፣ አበባ ልትቀጥፍ አይደለም አልኩ። እናንተን ልትጠራ ነው።"

ተቀመጥኩ።

"ቅጠሉ ተንቀሳቅሶ ነበር?" አለችኝ።

"ተንቀሳቅሷል።"

"አይታችኋል?"

"አይተናል ልጄ። ጠባቂ መስሎን ነው።"

በመንገዱ ላይ ባጃጆች ያልፋሉ፤ አንዱ ነጂ ለተሳፋሪው አበባውን በእጁ ሲያሳየው አየሁ። "እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት" አለች በመጨረሻ። "እሷ ራሷ ናት እንዳትንቀሳቀሱ ያለቻችሁ። አባቴ ይነግረኝ ነበር፤ ከሷ ቃል የሚወጣ አልነበረም ይል ነበር። አልተቀየምኩም እትዬ። ግን ጠዋት ስነሣ እሱን አያለሁ፣ ማታ ስገባ እሱን አያለሁ። ሙሽሮች ሲስቁበት አያለሁ። ታዝኛለሽ ብዬ ነው እስከ ዛሬ የተውኩት።"

"ከተቆረጠ እናትሽ በምን ትጠራኛለች?" አልኳት። ለማንም ያልተናገርኩትን ለሷ እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም።

ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ድምፏ ግን አልተለወጠም። "እስከ መቼ ትጥራሽ? ይብቃት። ትረፍበት።"

ቅዳሜ ማለዳ ናትናኤል ሠራተኞቹን ይዞ መጣ። እንዴት እሺ እንዳልኩ ጠይቆኝ ነበር፤ "ባለቤቷ አዘዘች" አልኩት። ቅርንጫፉን ከጣሪያው ላይ እያላቀቁ ሲጥሉት መንገዱ ሐምራዊ ሆነ። ፎቶ ሊነሡ የመጡ ሙሽሮች ከመኪናቸው ሳይወርዱ ተመለሱ፤ ሙሽራዋ በመስኮት ስታይ ፊቷ መጫወቻውን የተቀማ ልጅ ፊት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ሲሄዱ የቀረው ሥሩ ብቻ ነበር፤ ሰናይት "እሱን ለኔ ተዉልኝ" ብላ መጥረቢያ ይዛ ገባች። ናትናኤል ሊከራከራት ሲል በዓይኔ መለስኩትና ወደ ቤቱ ሸኘሁት።

እኔ የኋላዋ ክፍል ገባሁ። ከስንት ዘመን በኋላ በመስኮቷ ፀሐይ ገብቶ ነበር። አቶ ሳና ይቀመጡበት የነበረው ጥግ፣ እኛ የተደገፍንበት ግድግዳ፣ ሁሉም ትንሽና ባዶ ሆኖ ታየኝ፤ ይህን ያህል ሰው እንዴት ችላን ነበር አልኩ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ወዲያ መጥረቢያው ጀመረ። ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ። ቀስ ያለ፣ እኩል የሚወርድ የሴት ምት ነው። ከንፈሬ በራሱ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፤ ሻካራ፣ የተሰበረ፣ ዜማውን የሳተ ነበር፤ የኔ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ያን ቀን መሀል ላይ የተቋረጠውን መዝሙር ካቆምንበት ቀጠልኩት።

መጥረቢያው ቆመ።

እኔም ቆምኩ። እጄ አፌን ሸፈነ። ዘነዘናው ሲቆም ዝም በሉ፣ ንቅንቅ እንዳትሉ። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አጣብቄ እንዲቀጥል ጠበቅኩ። አልቀጠለም። በባዶው መስኮት የሚንቀሳቀስ ቅጠል የለም፣ የአጥሩ እንጨት ብቻ ነው የሚታየው፤ ከወዲያ ኮሽታ እንኳ የለም። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ተነሣሁ። ጫማዬን ሳልፈልግ፣ በሩን ከፍቼ፣ የተቆለለውን ቅርንጫፍ ረግጬ፣ እሾሁ እየወጋኝ፣ በመንገዱ ዞሬ ግቢዋ ገባሁ።

ሰናይት ሥሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ነው፣ መጥረቢያው ጭኗ ላይ።

"ምነው አቆምሽ?" አልኳት፤ ትንፋሼ ተቆራርጧል።

ቀና ብላ አየችኝ። "እጄ ዝሎ ነው። ምን ሆንሽ እትዬ? እግርሽ እኮ ደማ።"

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ እጇን ይዤ ደግሜ ጠየቅኳት።